ሴት ስትወለድ «አይዞሽ» አትበሉን፦ ለድሬዳዋ የእናቶች ጤና ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በድሬዳዋ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና ለምትመሩ ኃላፊዎች፤

ጤና ይስጥልን። አሰላሙ አለይኩም።

ይህን የምንጽፍላችሁ የአንድ ሰፈር የእድርና የአፎቻ (እንደ እድር ያለ የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) እናቶች ነን። ክርስቲያንም ሙስሊምም አለን። በየቤታችን አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሶማሊኛም፣ ሐረሪኛም ይወራል፤ ቡና ላይ ስንቀመጥ ሁሉም ይደባለቃል። ብዙዎቻችን ወልደናል። ትልልቆቹ በድሮ ጊዜ በልምድ አዋልደዋል። የጤና ጣቢያውን ስም አንጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ቦታ ብቻ ስላልሆነ።

የተነሳንበት ነገር ይሄ ነው። በየወሩ ይካሄድ የነበረው የነፍሰ ጡር እናቶች ውይይት ቆሟል። ቡና ይፈላ ነበር፣ ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥም የሚያመጣ አይጠፋም። አዋላጇ ስለ ክትትል፣ ስለ ደም ማነስ፣ ምጥ ሲመጣ ቶሎ ስለ መምጣት ታስረዳለች። ከዚያ ጥያቄ ይከፈታል። ጥያቄ ሲከፈት ደግሞ አንድ ነገር ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም፦ «ወንድ ባልወልድስ?» ይሄን በግልጽ የምናወራበት ሌላ ቦታ የለንም። ቤት ውስጥ አማት አለች፣ ባል አለ። ውጭ ጎረቤት አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የመጀመሪያዋን ያረገዘች ልጅ ከአምስት ልጆች እናት አጠገብ ተቀምጣ የሚያስፈራትን ትናገራለች፣ የሚሰማትም ታገኛለች።

አሁን ክፍሉ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። ለምን ብለን ጠየቅን። መጀመሪያ በጀት የለም ተባልን። ቀጥሎ የምታስተባብረው ባለሙያ ተዛውራለች ተባልን። ደብዳቤ አስገባን፣ ተመላለስን። በመጨረሻ አንድ ኃላፊ አስቀምጠው አነጋገሩን፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን፣ ባለሙያ ብቻ መድቡልን አልናቸው። የሴት ልጅ ጉዳይ መነሳቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ስናስረዳ የሰጡን መልስ ይህን ደብዳቤ አጻፈን። «እሱ እኮ ባህል ነው» አሉ። «ከጥንት የነበረ ነው፣ ቀስ እያለ ይቀየራል። የጤና ሥራ አይደለም።»

የጤና ሥራ ነው። ለምን እንደሆነ እናስረዳ።

ድሮ ልጅ የሚወለደው ቤት ነበር። ምጥ ሲመጣ ሴቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ወንዶቹ ደጅ ይጠብቃሉ። ልጁ ሲወጣ እልልታ ይሰማል። በብዙ የደጋ አገር ደጅ ያለው ሰው እልልታውን ይቆጥራል፤ ቁጥሩ እንደየአገሩ ይለያያል፣ ግን ለወንድ ይበዛል። ሰባት ለወንድ፣ ሦስት ለሴት የሚባልበት አገር አለ። ማለትም ማንም ምንም ሳይናገር መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ልጅቷም ገና እትብቷ ሳይቀበር ያነሰ ደስታ ይዛ እንደመጣች ተነገረ ማለት ነው። ይሄን አንክድም። እናቶቻችን እንዲህ ተወልደዋል፣ እኛም ብዙዎቻችን።

ግን በዚያ ቤት ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። የወላዷ እናት ነበረች፣ እህቷ ነበረች፣ አክስቷ ነበረች። የባል ወገን ፊቱ ቢጠቁርም ልጅቷን እቅፍ አድርጋ «እሰይ፣ ረዳት አገኘሁ» የምትል አንዲት ሴት አትጠፋም ነበር። ገንፎው ለሴትም ለወንድም ይገነፋል። ወላዷ ብቻዋን አልነበረችም።

ዛሬ የሚወለደው እናንተ ጋ ነው። እንዲህ መሆኑ ደግሞ ትክክል ነው፤ ስንት ሴት ቤቷ ደም ፈሷት ሲያልፍ አይተናል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 እ.ኤ.አ. በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. 26 ደረሱ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ 48። ይሄ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሰፈራችን ሴቶችም ነፍሰ ጡር እየጎተቱ፣ ባጃጅ እየለመኑ ሠርተውበታል። ግን ልብ በሉት፤ ቤት የነበረው ወሊድ ወደ እናንተ ክፍል ሲዛወር ባህሉም አብሮ ገብቷል። ዘመዶቿ ደግሞ ከበር ውጭ ቀርተዋል። ስለዚህ ያቺ ሴት ልጇ ከማህፀኗ ሲወጣ የምትሰማው የመጀመሪያ ቃል የእናቷ ወይም የአማቷ አይደለም። የእናንተ ሠራተኛ ነው። በመንግሥት ደመወዝ፣ በመንግሥት ክፍል፣ የመንግሥት ጋውን ለብሶ የሚነገር ቃል ነው። ታዲያ ይሄ እንዴት ነው «ባህል ነው» ተብሎ የሚታለፈው?

አሁን ያየነውን እንናገር።

ከእኛ መሃል የአንዷ ልጅ ሦስተኛዋን ወለደች። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ናቸው። ምጡ ሌሊቱን ሙሉ ነበር። ልጅቷ ወጣች፣ አለቀሰች፣ ደህና ነበረች። የተነገራት ምን ነበር? «አይዞሽ፣ ሴት ናት። ቀጣዩን ወንድ ያድርግልሽ።» አዋላጇ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረች ሴት ናት፣ እናቲቱም ስለ እጇ ታመሰግናታለች። ግን «አይዞሽ» የሚባለው ለታመመ ነው፣ ለሞተበት ነው። ጤነኛ ልጅ ለወለደች ሴት አይባልም። ያቺ ልጅ ልጇን ሳትስም አንገቷን ደፋች። ቤቷ ስትገባም ጡት ለማጥባት ፊቷን ወደ ግድግዳ እያዞረች ነበር። እናቷ ናት ይሄን የነገረችን፣ እያለቀሰች።

ሌላው በሩ ላይ ያለው ነገር ነው። ወንድ ሲወለድ ከውስጥ የሚወጣ ሰው አይጠፋም፣ «የምሥራች!» ብሎ። ቤተሰቡ ኪሱን ይዳብሳል፣ ይሰጣል። ሴት ስትወለድ ግን የምሥራች የሚል የለም። ቤተሰቡ በስም ይጠራና «ወልዳለች፣ ደህና ናት» ይባላል። የሚጠብቀው ሰው ታዲያ ከዚያ ዝምታ ይገባዋል። አንዲት አማት አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው፣ ከማለዳ ጀምሮ ቆመው ሲጠብቁ ነበር። ሴት መሆኗን ሲሰሙ ፔርሙዙን ለጎረቤት ሰጥተው ሄዱ። እኚህን ሴትዮ አንፈርድባቸውም ብንል ውሸት ነው፤ ፈርደንባቸዋል፣ ነግረናቸዋልም። ግን በዚያ በር ላይ ለወንድ ጉርሻ መቀበልን የለመደ ሠራተኛ ያለው ተቋም እሳቸውን ምን ብሎ ሊያስተምር ይችላል?

ከዚያ የአልትራሳውንዱ ጉዳይ አለ። ብዙ ሴቶች ጤና ጣቢያው ወረፋ ሲበዛ ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳሉ። ማሽኑ የሚፈለገው ፅንሱ ደህና መሆኑን፣ የእንግዴ ልጁ የት እንዳለ፣ መንታ እንደሆነ ለማየት ነው። ሴቲቱ የምትሰማው ግን «እንኳን ደስ አለሽ፣ ወንድ ነው» ወይም ዝም ማለት ነው። በሰፈራችን አንዲት አራተኛዋን ያረገዘች ሴት «ሴት ናት» ከተባለች በኋላ ባሏ ለክትትል የሚሆን የታክሲ ገንዘብ መስጠት አቆመ። ክትትሏን አቋረጠች። ደሟ አንሶ እግሯ አብጦ ነው ጎረቤቶቿ ይዘዋት የሄዱት። ተርፋለች፣ ልጅቷም ተርፋለች። ይሄ ባህል ብቻ ነው? ወይስ ክትትል ያቋረጠችን ነፍሰ ጡር ቤቷ ሄዶ ማየት የነበረበት ሰው ሥራ?

ስለ ማሽኑ ሌላ አገር የሆነውን ታውቃላችሁ። እኛ እዚህ እንደዚያ ተደረገ አላልንም። ግን ከወዲሁ እንዲታሰብበት እንፈልጋለን። በተፈጥሮ ለ100 ሴት ወደ 105 ወንድ ይወለዳል። በቻይና በ2010 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ወደ 118 ደርሶ ነበር። ሕንድ በ1994 እ.ኤ.አ. የፅንስን ፆታ መርምሮ መናገርን በሕግ ከልክላለች። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርቲያ ሴን በ1990 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሴቶች «ጎድለዋል» ብለው የጻፉት ይህን ሁሉ ደምረው ነው፤ በፅንስ የቀሩትን፣ በሕፃንነታቸው ምግብና ሕክምና ተነፍጓቸው የሞቱትን። እዚያ አገር ማሽኑ ሲመጣ ባህሉ ቀስ እያለ አልተቀየረም። ባሰበት።

እንግዲህ «ከጥንት የነበረ ነው» ወደተባልነው እንምጣ። አዎ፣ ከጥንት የነበረ ነው። ከእኛ አገርም በፊት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1 ዓመት፣ በግብፅ፣ ሂላሪዮን የሚባል አንድ ሠራተኛ ከእስክንድርያ ለነፍሰ ጡር ሚስቱ ለአሊስ ደብዳቤ ላከላት። ደብዳቤው በፓፒረስ ላይ ተጽፎ እስከ ዛሬ አለ። እንዳትጨነቅ ይለምናታል፣ እንዴት እረሳሻለሁ ይላታል፣ ደመወዜን ስቀበል እልክልሻለሁ ይላታል። እዚያው መሃል፣ ልጁ ወንድ ከሆነ ይኑር፣ ሴት ከሆነች ጣያት ይላታል። ይሄን የሚጽፈው የሚወዳት ሰው ነው። በዚያን ዘመን በግሪኮችና በሮማውያን ዘንድ ያልተፈለገ ሕፃን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነበርና።

በአረብ አገርም ከእስልምና በፊት ሴት ሕፃንን በሕይወት መቅበር ነበር። ቁርአን ይህን በስሙ ጠርቶ ነው ያወገዘው። በነሕል ምዕራፍ፣ ሴት ተወለደችልህ ሲባል ፊቱ የሚጠቁረውን፣ በተነገረው ነገር አፍሮ ከሰው የሚደበቀውን፣ ተዋርዶ ያሳድጋት ወይስ አፈር ውስጥ ይቅበራት እያለ የሚያሰላውን ሰው ይወቅሳል። በተክዊር ምዕራፍ ደግሞ በሕይወት የተቀበረችው ልጅ በምን ኃጢአት እንደተገደለች የምትጠየቅበት ቀን ይመጣል ይላል። ነቢዩም ወንዶች ልጆቻቸው በሕፃንነታቸው ሞተው ዘራቸው የቀጠለው በልጃቸው በፋጢማ ነው። ይሄን ሁሉ የነገሩን በውይይታችን ይገኙ የነበሩ አንድ ሼህ ናቸው። የተናገሩት ለሴቶቹ አልነበረም፤ ተጠርተው ለመጡ ባሎች ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሚስቱን ይዞ ለክትትል መምጣት የጀመረ አባት እናውቃለን።

ቄሱም ተናግረዋል። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና መነሳታቸውን አንዳንድ ሰው «ሴት ስለምታንስ ነው» ይላል። እሳቸው ያስረዱን፣ ሥርዓቱ በመጽሐፈ ኩፋሌ እንደተጻፈው አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ከመግባታቸው የመጣ መሆኑንና የማነስ ጉዳይ እንዳልሆነ ነው። በሙስሊሙም ወገን ልጅ ሲወለድ ለአቂቃ ለወንድ ሁለት በግ፣ ለሴት አንድ በግ መታረዱ እንደዚሁ ይተረጎማል። እኛ ሥርዓት ልንነካ አልተነሳንም፤ ሥርዓቱን ለንቀት ማስረጃ የሚያደርገውን ሰው ነው የምንቃወመው። ቄሱ አንድ ነገር ጨመሩ፣ ሴቶቹን ሁሉ ያስደነቀ። ግንቦት 1 ቀን በየደጁ ወጥተን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ እልል ብለን የምናከብረው ልደታ የማን ልደት ነው? መካን ሆነው ሲያለቅሱ የኖሩ ኢያቄምና ሐና የወለዷት የአንዲት ሴት ልጅ ልደት ነው። አገር በሙሉ ከደጁ ወጥቶ ለሴት ልጅ መወለድ የሚበላበት የሚጠጣበት ቀን አለን ማለት ነው። ታዲያ ባህል ስትሉ ይሄስ ባህል አይደለም?

የአገራችንም ታሪክ ቢሆን ወጥ አይደለም። በደጋው አገር ሴት ልጅ ርስት የመውረስ መብት ነበራት። ዙፋን ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለያል። አፄ ምኒልክ ልጃቸው ዘውዲቱ በሕይወት እያሉ በ1901 አልጋ ወራሽ ያደረጉት ከሌላዋ ልጃቸው ከሸዋረጋ የተወለደውን የልጅ ልጃቸውን ኢያሱን ነው፣ ገና ልጅ ሆኖ ሳለ። ኢያሱ ሲሻሩ በ1909 ዘውዲቱ ነገሡ፤ ሆኖም ሐረርን ያስተዳድሩ የነበሩት ተፈሪ መኮንን እንደራሴና አልጋ ወራሽ ሆነው ከጎናቸው ቆሙ። በ1948 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ዙፋኑን ለወንድ ብቻ አደረገው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በውርስ ወንድና ሴት ልጅን እኩል አድርጎ፣ በጋብቻ ግን ወንዱ 18 ዓመት፣ ሴቷ 15 ዓመት ሲሞላቸው ይበቃል ብሎ ነበር። ይሄን ያስቀየረው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 እና እኛ በድሬዳዋ የምንዳኝበት የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ለሁለቱም 18 አደረገው። በራሱ የተቀየረ አንድም ነገር የለም። ሴቶች ጠየቁ፣ ተከራከሩ፣ ሰው ወሰነ፣ ተጻፈ።

ኮሪያን እንመልከት፣ ደቡቡን። እዚያም ወንድ ልጅ ካልወለድሽ የሚባልበት አገር ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. ለ100 ሴት ከ116 በላይ ወንድ ይወለድ ነበር። ከዚያ ሐኪም የፅንስ ፆታ እንዳይናገር የሚከለክለው የ1987 እ.ኤ.አ. ሕግ ጠበቀ፤ ሴቶች ተማሩ፣ ሥራ ያዙ፤ የቤተሰብ አለቃ ወንድ ብቻ ነው የሚለው ሥርዓት በፍርድ ቤት ተሽሮ በ2008 እ.ኤ.አ. ቀረ። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ቁጥሩ ወደ ተፈጥሮው ተመለሰ። ፆታ አትናገሩ የሚለው ክልከላም ስላላስፈለገ በ2024 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት ተሻረ። አንድ ትውልድ ውስጥ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው። ስለዚህ «ቀስ እያለ ይቀየራል» ስትሉን እንዲህ ብለን እንጠይቃችኋለን፦ ማን ነው የሚቀይረው?

አሁን ደግሞ ለብቻው ሊነሳ የሚገባ አንድ ነገር። ሴት ብቻ የምትወልድ ሴት ዛሬም ጥፋተኛ ናት። ባሏ ሌላ ያገባባታል፣ ወይም «ወንድ እስኪመጣ» እያለ በየዓመቱ ያስረግዛታል። ከእኛ መሃል በስድስተኛዋ እርግዝና ላይ ያለች ሴት አለች፤ አምስቱ ሴቶች ናቸው፣ የመጨረሻዋ ገና በእግሯ አልሄደችም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንዱ ወሊድ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ይሁን ይላል። እሷ ይሄን ታውቃለች። ባሏ ግን አያውቅም፣ አማቷም አያውቁም። የልጁን ፆታ የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ዘር እንደሆነም አያውቁም። ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ኔቲ ስቲቨንስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በጥቃቅን ነፍሳት ላይ ሠርታ በ1905 እ.ኤ.አ. አሳይታለች። እናት ሁልጊዜ የምትሰጠው ኤክስ የሚባለውን የዘር ቅንጣት ነው፤ አባት ወይ ኤክስ ወይ ዋይ የሚባለውን ይሰጣል። ዋይ ከመጣ ወንድ ነው። እሱም ቢሆን አስቦ አይልክም፣ ስለዚህ ማንም ጥፋተኛ አይደለም። በቃ፣ ይሄን የምትረዳ አማት ምራቷን ልትወቅስ አትችልም። አዋላጇ ይሄን ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ በሁለት ቀለም ባቄላ ነበር የምታስረዳን። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ባቄላውን ደጋግመው ካወጡ በኋላ «ታዲያ ስልሳ ዓመት ሙሉ እናቴን በከንቱ ነው ያማናት» አሉ። እንዲህ ያለ ነገር የሚሆንበትን ክፍል ነው ዕቃ ማስቀመጫ ያደረጋችሁት።

የልደት ምዝገባውንም እንጨምር። ወሳኝ ኩነት በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ሕጉ እንደዚያ ይላል። በሰፈራችን ግን ለወንዱ ቶሎ ይወጣል፤ ለሴቷ «ትምህርት ቤት ስትገባ» ይባላል። ብዙዎች ከወሊድ በኋላ የልደት ማሳወቂያውን ወረቀት ሳይዙ ነው የሚወጡት፤ የሚያስታውሳቸው የለም። የዚህን ውጤት በዓይናችን አይተናል። አንዲት ልጅ ለጋብቻ ተጠየቀች፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እኛ ሄድን፣ ዕድሜዋ አልደረሰም አልን። ቤተሰቡ 18 ሞልቷታል አለ። ወረቀት አምጡ ሲባል የለም። የታናሽ ወንድሟ የልደት ካርድ ግን በላስቲክ ተለብጦ ተቀምጧል! በእሱ ዕድሜ ቆጥረን፣ ጎረቤት መስክሮ ነው ልጅቷ የተረፈችው። ታናሽ ወንድም ባይኖራትስ?

ሠራተኞቻችሁ ምን ያህል እንደሚደክሙ እናያለን። አንድ አዋላጅ ሦስት ምጥ ላይ ስትሯሯጥ አይተናል። ጓንት ሲጠፋ፣ መብራት ሲሄድ፣ በድሬ ሙቀት ያለ ማራገቢያ ሲሠሩ አይተናል። እንዲያም ሆኖ በትክክል የሚያደርጉት አሉ። አንዷን ሁላችንም እናውቃታለን። ልጁን እናቱ ደረት ላይ ታስቀምጥና መጀመሪያ «ደህና ነሽ፣ ልጅሽም ደህና ነው» ትላለች። ከዚያ እንደ ሴቲቱ እምነት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ወይም «ሙባረክ» ትላለች። ፆታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ወንድም ሆነ ሴት በአንድ ድምፅ ነው የምትናገረው። በጀት አልጠየቀችም። የምንጠይቀው ይሄን ሁሉም እንዲያደርገው ነው።

ስለዚህ፣ የወርሃዊው ውይይት ይመለስልን። ክፍሉን እኛ እናጸዳለን፣ ቡናውንም እናፈላለን፤ ከእናንተ የምንፈልገው ቋሚ ባለሙያና የማይሰረዝ ቀን ነው። ባሎችና አማቶች በጤና ጣቢያው ስም በጽሑፍ ይጠሩ፤ እኛ ስንጠራቸው አይመጡም፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ሲደርሳቸው ይመጣሉ። ሼሁና ቄሱም ይጋበዙ።

በማዋለጃ ክፍል ልጅ ሲወለድ ምን እንደሚባል አንድ ወጥ መመሪያ ይውጣ፤ መጀመሪያ የእናትና የልጅ ደህንነት፣ ከዚያ እንኳን ደስ አለሽ፣ ከዚያ ፆታ። «አይዞሽ» እና «ቀጣዩን ወንድ ያድርግልሽ» ይቅሩ። በበር ላይ የምሥራች ብሎ ገንዘብ መቀበል ለወንድም ለሴትም ይከልከል፤ ይህም ሰው በሚያየው ቦታ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ተጽፎ ይለጠፍ።

በከተማው ፈቃድ የምትሰጧቸው የግል ክሊኒኮች የአልትራሳውንድ ውጤት ሲናገሩ መጀመሪያ የፅንሱን ጤና እንዲያስረዱ፣ ፆታ ያልጠየቀችን ሴትም ከራሳቸው ተነስተው እንዳይነግሩ ይታዘዙ። ክትትል ያቋረጠች ነፍሰ ጡር ደግሞ ስሟ ካርዱ ላይ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቷ ትሂድ፣ ስትሄድም ለምን እንዳቋረጠች ትጠይቅ። ምክንያቱ የልጇ ፆታ ከሆነ ይመዝገብ። ይሄን የሚመዘግብ ሰው ስለሌለ ነው «እንዲህ ያለ ችግር የለም» የሚባለው።

ማንኛዋም እናት የልደት ማሳወቂያውን ወረቀት ሳትይዝ ከግቢ አትውጣ። ቀበሌ ሄዳ በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ እንዳለባት በቃልም በጽሑፍም ይነገራት።

ለዚህ ደብዳቤ መልሱን በቃል አንፈልግም። በጽሑፍ ስጡን፣ ማን ምን እንደሚሠራና መቼ እንደሚጀምር የሚገልጽ ይሁን። መልሱን በእድሩም በአፎቻውም ስብሰባ ላይ እናነበዋለን፤ የሚቀጥለው ስብሰባችን የወሩ መጨረሻ እሑድ ነው፤ ከእናንተ አንድ ሰው መጥቶ ቢያነብልን ደግሞ የበለጠ ደስ ይለናል። ስድስተኛዋን ያረገዘችው እህታችንም የመውለጃዋ ጊዜ ቀርቧል፤ ከዚያ በፊት ብታደርሱልን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሰፈሩ የሴቶች እድር ሰብሳቢ
የአፎቻው እናቶች ተወካይ
በቀድሞው ወርሃዊ ውይይት የተሳታፊ እናቶች አስተባባሪ

ድሬዳዋ